ሐረማያ ዳር የታየው ባለቀለበት ወፍ የማን ነው?

በመድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ለገሃሬ በሚል ስም የሚጽፍ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከድሬዳዋ ሐረር የሚመላለስ ሰው ስለሆነ እስከ ዛሬ የሚጽፈው ስለ ደንገጎ ዳገት፣ ስለ ጎማ ዋጋና አስፋልት ላይ ስለሚተኙ ግመሎች ነበር። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ግን የወፍ ጥያቄ ይዞ መጣ። በማለዳ ሐረማያን ሲያልፍ፣ ማሽላው ታጭዶ ባለቀ ማሳ ላይ ቁመታቸው ከሰው ወገብ የሚያልፍ ግራጫ ወፎች ቃርሚያ ሲለቅሙ አይቶ መኪናውን አቆመ። ጠጋ ሲል አንደኛው በሁለቱም እግሩ ባለቀለም ቀለበት አለው፤ በአንዱ እግሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ጥቁር ዕቃ ታስሮበታል። የተንቀጠቀጠ ፎቶ ለጥፎ ሦስት ነገር ጠየቀ፦ ወፉ ምን ይባላል፣ ዕቃውን ያሰረበት ማን ነው፣ ያየ ሰውስ ለማን ይናገር። በዚህ ቢያበቃ ክሩ አምስት መልስ አግኝቶ ይሞት ነበር። እሱ ግን ከታች አንድ ነገር ጨመረበት፦ የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ዞር ብሎ ያየው ሰው ጠፍቶ፣ ለወፍ እግር መሣሪያ የሚገዛ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሊገባው አልቻለም።

ሰው ሁሉ የተነካው በዚህች በመጨረሻዋ ነው። እኔም ክሩን እስከ ታች የተከታተልኩት በእሷ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው መልስ፣ ቁጥር 1፣ አላመነታም። ወፉ አባ ኮዳ መሆኑን፣ ቄራ አካባቢ በየቀኑ እንደሚያየው ገልጾ ለገሃሬ መነጽር እንዲገዛ መከረ። ቁጥር 2 ጨዋ ነው፤ ከአውሮፓ የሚመጣ ባለ ረጅም እግር ወፍ ሽመላ መሆኑን፣ ለሽመላም ቀለበት እንደሚታሰር አስረዳ። የቀለበቱ ነገር እንኳን ልክ ነው።

ቁጥር 3 ላይ ሐረር ውስጥ ባዮሎጂ የምታስተምር ሴት ገባች። እዚህ መምህርት እያልን ነው የምንጠራት። ሁለቱንም ሳታሳፍር አረመች። አባ ኮዳ ራሰ በራ ነው፣ ከአንገቱ ሥር ኮዳው ይንጠለጠላል፣ ሲበርም አንገቱን ሰብስቦ ነው። ነጩ ሽመላ መንቆሩም እግሩም ቀይ ነው። የለገሃሬ ፎቶ ምንም ቢንቀጠቀጥ ግራጫ ገላ፣ ጥቁር አንገት፣ ከዓይን ጀርባ ተነስቶ ወደ አንገት የሚወርድ ነጭ መስመር ይታይበታል፤ ኋላው ላይ የተንዠረገገው ደግሞ ጭራ ይምሰል እንጂ የክንፍ ላባ ነው። ስለዚህ ወፉ ግራጫው ክሬን ነው። በዓለም ላይ ካሉት 15 የክሬን ዝርያዎች አራቱ በኢትዮጵያ እንደሚገኙ፣ ሁለቱ ማለትም ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬንና ከአገጩ ሥር ሁለት ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ክሬን ነዋሪዎች፣ ግራጫውና ከእሱ የምታንሰው አመድማ ክሬን ደግሞ በጋን እኛ ዘንድ የሚያሳልፉ እንግዶች መሆናቸውን ዘረዘረች። ከዚያ ለገሃሬን ድምፁን ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀችው። የግራጫው ክሬን የአየር ቧንቧ ደረት አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚጠማዘዝ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ነው፤ ይህን የሰማ ሰው ከሌላ ወፍ ጋር አያምታታውም።

ቁጥር 4 ባለ ዘውዱ የኡጋንዳ ባንዲራ ላይ ያለው መሆኑን በደስታ አስታወቀ። ቁጥር 5 ወዲያው አረመው፤ የኡጋንዳው ግራጫ ባለ ዘውድ ነው፣ የእኛው ጥቁር፤ የቅርብ ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ይኸው ሰው አንድ ጥሩ ነገር ጨመረ፦ ከክሬኖች ሁሉ ዛፍ ላይ ወጥተው የሚያድሩት ባለ ዘውዶቹ ብቻ ናቸው፣ የኋላ ጣታቸው ቅርንጫፍ ለመያዝ ስለሚመች። ሌሎቹ ያ ጣት አጭርና ከፍ ያለ ስለሆነ መሬት ላይ ወይም ውሃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያድሩት። ቁጥር 6 ላይ ለገሃሬ ተመለሰ። ድምፁን ሰምቷል፤ ከኋላው የመጣ መኪና ጡሩምባ መስሎት መንገድ ሊለቅ ነበር።

ቁጥር 7 ከወደድኳቸው አንዱ ነው። ጸሐፊው ድሬዳዋ ሰቢያን የሚኖር የባንክ ሠራተኛ ይሁን እንጂ ተወልዶ ያደገው ፎገራ ነው። ለድሬዳዋ ልጅ ብርቅ የሆነው ወፍ ለእሱ የልጅነት ሥራው ነበር። ኅዳር ላይ እህል ሲሰበሰብ ክሬኖቹ ከጣና ዳር እየተነሱ ማሳ ላይ ይወርዳሉ፤ ቃርሚያ ብቻ ቢለቅሙ የሚጠላቸው አልነበረም፣ ግን ያልታጨደ ሽምብራ ካገኙ አይምሩም። አባቱ ጠዋት ጠዋት ወንጭፍ አስይዞ ይልከዋል። የሚገርመው ነገር፣ ወፎቹ የእሱን ወንጭፍ እስከ ምን ድረስ እንደምትወረውር አውቀው ከዚያች ልክ አንድ እርምጃ አልፈው ይቆሙ እንደነበር ነው። ሲመሽ ቤተሰብ ቤተሰብ ሆነው እየተጠራሩ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ከጉልበት በታች ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጅብም ሆነ ቀበሮ ውሃውን ሳያንቦጫርቅ ሊደርስባቸው አይችልም። የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ እነዚህ ወፎች ከምክንያቶቹ መካከል መቆጠራቸውን ሲሰማ እናቱ ዘንድ ደውሎ የጠላቶቹን ክብር እንደነገራት ጽፏል። አሁን ረግረጉ ለሩዝ እየታረሰ፣ ባሕር ዛፍም እየገባበት ስለሆነ ማደሪያቸው እየጠበበ መሆኑን ግን ሳይቀልድ ነው የተናገረው።

ቁጥር 8 ከሩቅ አገር መምጣታቸው በምን እንደሚታወቅ ጠየቀ። ጥያቄው በቅን ልብ ነው የተጠየቀው፤ ከላይ ለገሃሬ ላነሳውም መግቢያ ሆነ።

ቁጥር 9 የዱር እንስሳት ጥበቃ የሚማር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው፤ ረጅም ጻፈ። ወደ ኢትዮጵያ የሚወርዱት ክሬኖች ምዕራባዊው መስመር ላይ ያሉት፣ ስፔን የሚከርሙት አይደሉም። ከምዕራብ ሩሲያና ከባልቲክ አገሮች ተነስተው በቱርክና በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የሚመጡ ናቸው፤ ኢስቶኒያ ውስጥ መከታተያ ከታሰረላቸው ወፎች መካከል ኢትዮጵያ ድረስ የመጡ አሉ። ማሰሩ የሚከናወነው ጫጩቷ ሳትበር፣ በሐምሌ አካባቢ ነው። ክሬን ከተፈለፈለ በኋላ ለመብረር ዘጠኝ አሥር ሳምንት ስለሚፈጅበት፣ ያ ጊዜ ሳያልፍ ተመራማሪዎቹ በረግረግና በማሳ ውስጥ እየሮጡ ይይዟታል። ጭንቅላቷ በጨርቅ ሲሸፈን ጸጥ ትላለች። ትመዘናለች፣ ቀለበት ይደረግላታል፣ ወላጆቿ ወዳሉበት ትለቀቃለች። በአንዱ እግር ያለው የቀለም ቅደም ተከተል ቀለበቱ የታሰረበትን አገር፣ በሌላው እግር ያለው ያችን ወፍ ለይቶ ይናገራል። ጥቁሩ ዕቃ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ጂፒኤስ ነው፤ ያለችበትን እየመዘገበ ያጠራቅምና የሞባይል ኔትወርክ ሲያገኝ በአጭር መልእክት ይልካል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቁጥር 9 አጥብቆ የያዘው አንድ ነገር ነበር። ልጅ ክሬን መንገዱን ከወላጅ ነው የሚማረው። የመጀመሪያውን ጉዞ ከእናትና ከአባቱ ጋር ይበራል፣ በጋ ማሳለፊያውን ያያል፣ በየካቲትና በመጋቢት አብሯቸው ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ማረፊያ ረግረግ ጠፋ ማለት የአንድ ዓመት ጉዳት አይደለም፤ ያን ቦታ የሚያውቅ ትውልድ ይቋረጣል። ሐረማያ ላይ የታየው ወፍም ይህን ቦታ ያሳየው ወላጅ ሊኖር እንደሚችል ገምቷል። ግምቱን ግምት ብሎ መጻፉን ወደድኩለት።

እዚህ ላይ ክሩ እንደተለመደው ከመስመር ወጣ። ቁጥር 10 ወፏ ከእሱ የተሻለ ኔትወርክ እንዳላት ቀለደ። ቁጥር 11 ገንደ ቆሬ ያለው ቤቱ ውስጥ ስልክ የሚሠራው ጣራ ላይ ሲወጣ ብቻ መሆኑን፣ ቁጥር 12 ወፍ ጣራ ላይ መኖሯ የጠቀማት ለዚህ እንደሆነ ጻፈ። ቁጥር 13 የፓኬጅ ዋጋ ሊያነሳ ሲል አድሚኑ ቆረጠው።

ቁጥር 14 ሲመጣ ሳቁ ሁሉ ቆመ። የአዴሌ ልጅ ይባላል፤ ቤተሰቦቹ ከሐረማያ ብዙም ሳይርቅ በአዴሌ ሐይቅ በኩል የሚያርሱ ናቸው። ጽሑፉ አጭርና ስል ነው። እናንተ ፎቶ የምታነሱለት ወፍ የሚለቅመው የማንን እህል እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው እንደሌለ ተናገረ። ተመራማሪ ነን ያሉ ሰዎች ከጥቂት ዓመት በፊት መጥተው አባቱን ስንት ጥማድ መሬት እንዳለው፣ ስንት ሞተር ውሃ እንደሚስብ፣ ምን ዓይነት ወፍ እንደሚያይ ጠይቀው፣ አስፈርመው፣ ፎቶ አንስተው ሄዱ። ወረቀቱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። አባቱ ግን ያን ዕለት ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ቡና አፍልቶላቸዋል። ለገሃሬ ትክክል ነው፤ ወፉ ከነመሣሪያው ባለቤት አለው፣ እነሱ ግን ባለቤት የላቸውም።

ቁጥር 15 ላይ ተማሪው ተበሳጨ፤ የተበሳጨበትንም ደበቅ አላደረገም። ያልተቆጠረ ነገር ሲጠፋ ማንም እንደማያውቅ፣ ሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ በጊዜው ማስጠንቀቂያ የጻፉት ቆጣሪዎች እንደነበሩ፣ ያልሰማቸው ሌላ እንደሆነ ጻፈ። ይህ እውነት አለው። ቀጥሎ ግን ገበሬ ጥናት ስለማያነብ መልሱ ቢሰጠውም ለውጥ እንደማያመጣ ተናገረ፤ ይህችን ባይጽፋት ይሻለው ነበር። ቁጥር 16 እስከ ቁጥር 18 በእሷ ላይ ወረዱበት። ቁጥር 17 በድሬ ቋንቋ አቦ ተወን የሚል መንፈስ ያለው አንድ መስመር ሲሆን፣ ቁጥር 18 ግን ረጋ ብሎ ገበሬው ባያነብ እንኳን በአፋን ኦሮሞ ቢነገረው እንደሚሰማ፣ ከሰማም በኋላ ከጥናቱ ጸሐፊ የበለጠ የሚያስተካክለው ነገር እንደሚኖር አስረዳ።

ቁጥር 19 ወደ ፍሬ ነገሩ መለሰን። እስራኤል ውስጥ ሁላ በሚባለው ሸለቆ ተመሳሳይ ጠብ እንደነበረ አስታወሰ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የደረቀው ረግረግ በ1994 በከፊል ተመልሶ ውሃ ሲገባበት ክሬኖቹ መክረም ጀመሩ፤ የአካባቢውን ኦቾሎኒም ፈጁት። መፍትሔ የሆነው ከማሳው ራቅ ባለ ቦታ በቆሎ እየበተኑ እዚያ ማቆየት ነው። ወጪውን ገበሬዎችም ሌሎችም ተጋሩት፤ ወፎቹን ለማየት የሚመጣው ሰው ደግሞ ገቢ ሆነ። ይህን አንብቦ ቁጥር 20 ሐረማያም እንዲህ ይደረግ ሲል፣ ቁጥር 21 በቀዝቃዛ ውሃ አጠመቀው። ብዙ ወፍ አንድ ቦታ መመገብ በሽታ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በዚያው በሁላ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5,000 በላይ ክሬን ገደለ፤ ሬሳውን ከውሃው ውስጥ የለቀሙት መከላከያ ልብስ ለብሰው ነው። ቁጥር 21 በቆሎ መበተኑን አልነቀፈም፤ መበተን የጀመረ ሰው ማቆም እንደሚቸግረውና ወፉም መበታተን እንደሚረሳ ብቻ አሳሰበ። ከክሩ ውስጥ አንድን መፍትሔ ከነመዘዙ ያየንበት ቦታ ይህ ነው።

ከዚያ ጋሽ ሸዋበር መጡ። ዕድሜያቸው የገፋ የሐረር ሰው ናቸው፤ ሁላችንም አንቱ ነው የምንላቸው። ቁጥር 22 የእሳቸው ሲሆን ስለ ክሬን አንድ ቃል የለበትም። ስለ ሐይቁ ነው። ጀልባ የሚቀዘፍበት፣ ዓሣ የሚወጣበት፣ ውሃው እየተጣራ በቧንቧ ሐረር የሚገባበት ዘመን ትዝ ይላቸዋል። ዳሩ በሸምበቆ የተሸፈነ፣ ውሃው በጥቋቁር ዳክዬ መሳይ ወፎች የጠቆረ ነበር። ከዚያ ከላይ ያለው ኮረብታ ታረሰ፣ ደለሉ ወረደ፣ ሐይቁ ሰፋ እያለ ጥልቀቱ ግን ጎደለ። ከዳር ያሉት ሞተሮች ለጫትና ለአትክልት ሲስቡ፣ ከተማው በበኩሉ ሲስብ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ሐይቁ አለቀ። ከብት ሐይቁ መካከል ገብቶ ሲግጥ እንዳዩ ጽፈዋል። ሐረርም ፊቷን ወደ ድሬዳዋ በኩል ወዳለው ወደ ሐስሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ አዞረች። ባለፉት ዓመታት ውሃው መመለሱን ሲሰሙ ልጃቸው በመኪና ወስዶ አሳይቷቸዋል።

ይህ መልስ ዝም ተብሎ መነበብ ሲገባው ቁጥር 23 አላስቻለውም። የድሬ ልጅ ነው። ድሬዳዋ ራሷ በየሰፈሩ በጄሪካን እየተሰለፈች የሐስሊሶ ውሃ ዳገት ወጥቶ ሐረር መግባቱን አነሳ። ቁጥር 24 ከሐረር በኩል መለሰለት፤ ድሬ የምትበላው ድንችና ሽንኩርት ከየት ዳገት እንደሚወርድ ጠየቀው። እስከ ቁጥር 27 ድረስ ወፍም ክሬንም የለም። የሐረርና የድሬ ሰው አንድ ክር ላይ ተገናኝቶ ስለ ውሃ ሳይጣላ እንዲያልፍ መጠበቅም የዋህነት ነው። ቁጥር 28 ጠቡን ለማብረድ ብሎ ጀጎል ውስጥ በሥጋ ተራው ጭልፊቶቹ ከሰው እጅ ሥጋ መንጠቃቸውን፣ ማታ ጅብ በአፍ የሚያበላ ከተማ ለአንድ ክሬን እንደማይጠበው ቀልዶ አለፈ፤ ሠራለትም።

ቁጥር 29 ባልተጠበቀ በኩል መጣ። ከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ላይ የሠራ ቴክኒሻን ነው። ስለ ሐይቁም ስለ ገበሬውም የተነገረው ልክ ቢሆንም ይህን ወፍ የሚገድለው ነገር በአብዛኛው ሌላ መሆኑን ጻፈ። ክሬን እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ከባድ ወፍ በድንገት መታጠፍ አይችልም። ምሽት ወደ ማደሪያው ዝቅ ብሎ ሲመለስ፣ ወይም ጠዋት በጉም ሲነሳ፣ ወፋፍራሞቹን ሽቦዎች አይቶ ሽቅብ ይላል። ከሁሉ በላይ የተዘረጋውን፣ መብረቅ የሚከላከለውን ቀጭን ሽቦ ግን አያየውም። የሚመታው እሱ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሳይነካው ግጭቱ ብቻ ይሰብረዋል። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋውን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረውን ባለ 230 ኪሎቮልት መስመር ምሳሌ አድርጎ፣ መድኃኒቱ ውድ አለመሆኑን አስረዳ። በዚያች ቀጭን ሽቦ ላይ በየተወሰነ ርቀት ጠምዛዛ ፕላስቲክ ወይም በነፋስ የሚሽከረከር አንጸባራቂ ሳህን ይንጠለጠላል። መስመሩ ሲዘረጋ ቢደረግ ርካሽ ነው፤ ከተዘረጋ በኋላ ግን ኃይል ማቋረጥ ወይም ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። የጂፒኤሱ ነገር ለምን እንደሚጠቅም በመጨረሻ የገባኝ በዚህ መልስ ነው። ወፎቹ ከማደሪያ ወደ ማሳ የሚያልፉበት መስመር በካርታ ላይ ከታወቀ፣ ሳህኑ የሚንጠለጠለው ለመቶ ኪሎሜትር ሳይሆን ለዚያች መተላለፊያ ብቻ ይሆናል።

ቁጥር 30 ላይ መምህርት ተመለሰች። የምስማማው ከእሷ ጋር ነው። ግራጫው ክሬን በዓለም ደረጃ ለመጥፋት የሚያሰጋው እንዳልሆነ፣ ቁጥሩም በአውሮፓ እየጨመረ መሆኑን አስቀድማ አስታወቀች። እንግሊዝ አገር 400 ዓመት ያህል ጠፍቶ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ተመልሷል። አውሮፓዊው ለእሱ ወፍ ቀለበት ይገዛል፣ ይከታተላል፣ ይጽፋል፤ መብቱ ነው። የእኛ ጭንቀት ግን ነዋሪዎቹ መሆን ነበረባቸው። ባለ ዘውዱም፣ ሥጋ የሚንጠለጠልበትም ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። የኋለኛው በአፍሪካ ካሉት ክሬኖች ሁሉ ረጅሙ ነው፣ 1 ሜትር ከ75 ይደርሳል፤ ዘመዶቹ ያሉት ደቡባዊ አፍሪካ ስለሆነ የኢትዮጵያዎቹ ብቻቸውን ተነጥለው የቀሩ ናቸው። በባሌ ተራሮች ላይ በክረምት ረግረግ ውስጥ ጎጆ ይሠራል፣ በሀዲያ ባለው በቦዮ ረግረግ ደግሞ ይሰበሰባል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ያሳድጋል። ከብት ጎጆው ላይ ከተራመደ ወይም የእረኛ ውሻ ካገኘው የዚያ ዓመት ነገር አበቃ። ለዚህ ወፍ የሚያስፈልገው እጅግ የረቀቀ መሣሪያ አይደለም፤ በክረምት ሁለት ሦስት ወር ከብቱን ከአንዲት ረግረግ የሚመልስ፣ ለዚያም የሚከፈለው የመንደር ሰው ነው።

መልሱ እንዲህ ፍርጥ ያለ ሆኖ ሳለ የሰውን ቀልብ የሳበው ቁጥር 31 ሆነ። እሱም አሜሪካ ውስጥ ከክሬን ጋር የጨፈረውን ሰው ታሪክ አመጣ። ጆርጅ አርቺባልድ ይባላል፤ ከሮናልድ ሳውይ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1973 በዊስኮንሲን ዓለም አቀፉን የክሬን ፋውንዴሽን ያቋቋመ ተመራማሪ ነው። ቴክስ የምትባል ሴት ነጭ ክሬን በሰው እጅ ስላደገች ራሷን ሰው አድርጋ ቆጥራ ወንድ ክሬን አልቀርብም ትላለች። እንቁላል እንድትጥል ዝግጁ የሚያደርጋት የወንዱ ጭፈራ ስለሆነ፣ አርቺባልድ ሜዳ ላይ እየዘለለ፣ እጁን እያርገበገበ አብሯት ጨፈረ። በሰው እጅ ተዳቅላ ከብዙ ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ጫጩት ተፈለፈለ። ቁጥር 32 ይህ የሥራ ፈት ሥራ መሆኑን፣ አንድ ዶክተር እዚህ አገር ከወፍ ጋር ቢጨፍር ዘመድ ጸበል እንደሚወስደው ጻፈ። ቁጥር 33 ግን ቁጥሩን አስቀመጠለት። ያ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1941 በዓለም ላይ የቀረው 20 ገደማ ነበር፤ ዛሬ በዱር የሚኖሩት ብቻ ከ500 በላይ ናቸው። ወላጅ ለሌላቸው ጫጩቶችም እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2016 ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ትንሽ አውሮፕላን እየነዱ መንገድ አስተምረዋል። ቁጥር 9 የተናገረው፣ መንገዱን ከወላጅ ይማራሉ ያለው፣ እዚህ ላይ ሥጋ ለበሰ። ቁጥር 34 ሳይቤሪያ ድረስ ሄዶ ፑቲን እ.ኤ.አ. በ2012 ነጭ ልብስ ለብሶ ከክሬን ጋር መብረሩን አነሳ፤ ቀጥሎ የመጣውን የፖለቲካ ጭቅጭቅ አልተርክም።

ቁጥር 37 ስለ መድኃኒት ርጭት ጠየቀ። በእኛ አቆጣጠር በ2012 አንበጣው ምሥራቁን ሲወርር ከአውሮፕላን ሲረጭ እንደነበረ፣ ክሬንም ሽመላም አንበጣ እንደሚበሉ፣ ጫት ላይ የሚረጨውም ወደዚያው ውሃ እንደሚወርድ አስታወሰ። ጥያቄው ከባድና ተገቢ ነበር። ግን ጫት የሚለው ቃል ከተነሳ በኋላ ክሩ የጫት ገበያዋ አወዳይ ገባ፤ የዋጋ፣ የቀረጥና የማን ጫት ይበልጣል ክርክር ሆነ። አድሚኑ ስምንት መልስ አንስቶ ወደ ሌላ ክር አዛወረ። ቁጥር 37 የጠየቀውን የመለሰለት የለም፤ ለእኔ የዚህ ክር ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ለገሃሬ በቁጥር 38 ትዕግሥቱ አልቆ መጣ። ሦስተኛው ጥያቄው፣ ለማን እንደሚነገር፣ እስከ አሁን እንዳልተመለሰ አሳሰበ። ተማሪው በቁጥር 39 መለሰለት፤ ከቅድሙ ድምፁ ዝቅ ብሏል። ቀለሞቹ ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ ግራና ቀኝ የሚባለው የወፉ ግራና ቀኝ ነው፣ የተመልካቹ አይደለም። ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ወፍ ብዙ ሰው አሳስቷል። ቀን፣ ቦታ፣ በመንጋው ውስጥ ስንት ወፍ እንዳለ፣ ከእነሱ ውስጥ ጭንቅላታቸው ቡናማ የሆነ የዓመቱ ልጆች ስንት እንደሆኑ ይጨመራል። ይህ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወይም ቀለበቱን ላሰረው አገር የክሬን ተመራማሪዎች ሲላክ ወፉ የት እንደተፈለፈለና ከዚያ በፊት የት እንደታየ የሚገልጽ መልስ ለላኪው ይመጣል። ከለገሃሬ ፎቶ ላይ የግራው እግር ሁለት ቀለም ብቻ ነው የሚለየው፣ ታችኛው በሣር ተሸፍኗል፤ በዚህ ወፉን ማወቅ አይቻልም። ሌላ ፎቶ ያስፈልጋል።

ቁጥር 40 የአዴሌ ልጅ ነው። ተማሪውን ይቅርታ አልጠየቀም፣ አላመሰገነምም። ወፎቹ ሰሞኑን ከሐረማያ ወደ እነሱ በኩል ተሻግረው ጠዋት ጠዋት ከአጎቱ የማሽላ ማሳ እንደሚወርዱ አስታወቀ። ስልኩ ከለገሃሬው ይሻላል፤ ፀሐይ ከጀርባው እንድትሆን አድርጎ እግራቸውን ሊያነሳ ይሞክራል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የሚመጣው መልስ በአጎቱ ስም ይላክ፣ ተማሪው ደግሞ መጥቶ በኦሮምኛ ያንብብላቸው፣ ያን ጊዜም ስንት ማሽላ እንደተለቀመ አጎቱ የሚናገረውን ይጻፍ።

ተማሪው በቁጥር 41 ቅዳሜ እንደሚመጣ ጻፈ። ቁጥር 42 ለገሃሬ ነው፤ ቅዳሜ ጭነት ወደ ሐረር ስላለው ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው የሚሆን ቦታ እንዳለ፣ ከለገሃር ፊት ለፊት በ11 ሰዓት ሌሊት እንደሚነሳና የሚያረፍድ ሰው እንደማይጠብቅ አስታወቀ።